የአባይነሽ ቀማሽ

ጎረቤቴን መዝገቡን አንድ ቀን በጥፊ ሳልለው የቀረሁት ጌታን ስለምፈራ ብቻ ነው። ሰውዬው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እንደሱ ያለ ደግ ሰው እዚህ ቴክሳስ፣ ሌዊስቪል ውስጥ በባትሪ ቢፈለግ አይገኝም። ግን ምንም ነገር ብታቀርቡለት መልሱ አንድ ነው፤ «ጥሩ ነው።» ጥብሱ እንዴት ነው? ጥሩ ነው። ሽሮውስ? ጥሩ ነው። አንድ ጊዜ ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ሆስፒታል ተኝቶ ልጠይቀው ሄጄ ነበር። ጨውም ቀለምም የሌለው የዶሮ ሾርባ ከፊቱ አስቀምጠውለታል። ያንን ሾርባ ጥርግ አድርጎ ጠጣና አፉን ጠርጎ «ጥሩ ነው» አለ። ሳህኑን ልትወስድ የመጣችው ነርስ እንኳ ዞር ብላ አየችው።

እኔ ጊፍቲ እባላለሁ። ከነመዝገቡ ጋር ግድግዳ እንጋራለን፤ ታውንሃውሶቻችን የተጣበቁ ናቸው። ክሊኒክ ውስጥ የሐኪም ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። የነቀምት ልጅ ነኝ፣ ጴንጤ ነኝ፣ ስጋ ደግሞ ነፍሴ ነው። እነሱ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ረቡዕና ዓርብ በእነሱ ቤት የጾም ወጥ፣ በእኔ ቤት ጥብስ ይሠራል። በዚህ ተጣልተን አናውቅም፤ ተሳስቀንበት ግን እናውቃለን።

የምጽፈው በተለይ ስለ ሚስቱ ስለ አባይነሽ ነው። አባይነሽ ሳምንቱን ሙሉ እዚሁ ሌዊስቪል ዌርሃውስ ውስጥ ቆማ ካርቶን ስታሽግ ትውላለች። ቅዳሜ ሲመጣ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ጋርላንድ ድረስ ነድታ ሐበሻ ስጋ ቤት ትሄዳለች፤ እኔም ብዙ ጊዜ አብሬያት እሄዳለሁ። ባለ ስጋ ቤቱ ገና ከበር ሲያያት ቢላዋውን መሳል ይጀምራል፣ ምክንያቱም አባይነሽ «አምስት ፓውንድ ስጋ ስጠኝ» ብላ አታውቅም። ትዕዛዟ በየሰዉ ስም ነው፤ ለጊፍቲ ከጎድኑ፣ ጮማ ያለበት። ለዜማ ጭቅና፣ ነጭ ነገር እንዳይታይበት፣ በደቃቁ የተከተፈ። ዜማ ልጃቸው ናት፤ ፍሪስኮ ቢሮ ትሠራለች፣ እሑድ እሑድ ትመጣለች፣ አጥንት ካየች ሳህኑን ትገፋለች። ለነፍስ አባታቸው ከሽንጡ፣ ጥርሳቸው እያስቸገራቸው ስለሆነ በጣም ለስላሳ።

ሰውን የምታስታውሰው በሚበላው ስጋ ነው። «ያቺ ልጅ እንዴት ሆነች?» ትለኛለች። «የትኛዋ?» ስላት «ያቺ ዱለት ያለ ጨጓራ የምትበላዋ» ትላለች። ስሟን ረስታዋለች፤ ጨጓራ እንደማትወድ ግን አልረሳችም።

አንድ ቅዳሜ ባለ ስጋ ቤቱ ለሁሉም ቆራርጦ ሲጨርስ «ለባለቤትሽስ ከየት ልስጥሽ?» አላት።

«እሱ የመጣለትን ይበላል» አለች። ሳቀች፤ ሳቁ ግን እስከ ዓይኗ አልደረሰም። መኪና ውስጥ ስንገባ «ስንት ዓመት ሙሉ ጠየቅኩት መሰለሽ» አለችኝ። «ከቀይ ወጥና ከአልጫ የቱን? ሁለቱም ጥሩ ነው። ከደረቅ ጥብስና ከለብለብ? ሁለቱም ጥሩ ነው። የዓለምን ሰው ምላስ አውቄ የባሌን ሳላውቅ ልሞት ነው ጊፍትዬ።»

የኦርቶዶክስ ሴቶችን የማደንቅበት አንድ ነገር አለ። የፋሲካን ዶሮ የሚሠሩት ጾሙ ሳይፈታ፣ ቅዳሜ ቀን ነው። ወጡ እየተንተከተከ ከፊታቸው ነው፣ እነሱ ግን አንዲት ጠብታ እንኳ አይቀምሱም። አባይነሽ በዚህ አንደኛ ነበረች። ጭልፋውን ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋና ዓይኗን ጨፍና «ጨው ይቀረዋል» ትላለች። ጨው ደግሞ ይሸታል እንዴ ብዬ እስቅባታለሁ። እሑድ ስንበላው ልክ ሆኖ ይገኛል። ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች «እስቲ አንዴ አሽቺልኝ» ብለው ድስት ይዘው የሚመጡ ነበሩ።

ታዲያ ባለፈው ጥር፣ ዳላስ በረዶ በጣለበት ሳምንት፣ ቤቱ ሁሉ ታመመ። መዝገቡ አልጋ ላይ ዋለ፣ ዜማ ስትስል ሰነበተች፣ እኔም አልቀረልኝም። ሁላችንም ዳንን። የአባይነሽ አፍንጫ ግን አልዳነም፤ ይህንን ደግሞ ከእሷ በስተቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ያወቅኩት በአጋጣሚ ነው። ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ የሚያር ቅቤ ሸተተኝ፣ በግድግዳ በኩል። ሮጬ ሄድኩ። አባይነሽ ምድጃው አጠገብ ቆማ ቅቤ እያነጠረች ነው። ድስቱ ውስጥ ያለው ጠቁሯል፣ ጭሱ ጣሪያ ነክቷል፣ እሷ ግን ረጋ ብላ መዝሙር እያንጎራጎረች ታማስላለች።

«አባይነሽ! ቅቤው እኮ አረረ!»

«እ? ምን ሆነ?» አለች።

ምድጃውን አጠፋሁና ፊቷን አየሁት። ክሊኒክ ውስጥ እንዲህ ያለ ፊት አይቻለሁ። የኮረሪማውን ጠርሙስ ከፍቼ አፍንጫዋ ሥር ያዝኩላትና «ምን ይሸትሻል?» አልኳት። ሳበች። እንደገና ሳበች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ምንም» አለች። «ከታመምኩ ጀምሮ ምንም። ምላሴም እንደዚያው፤ ጨውና ስኳር አንድ ሆነውብኛል። ዶክተሩ ዌይት ማድረግ ነው፣ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል አለኝ። ሶ ምን ላድርግ?»

«ለመዝገቡ ነገርሽው?»

«አልነገርኩትም፤ አልነግረውምም። ካወቀ ያዝንልኛል፣ ሲያዝንልኝ ደግሞ ይዋሸኛል። ሳያውቅ ይሻላል። ማታ ማታ ከማቅረቤ በፊት አቀምሰዋለሁ። ጥሩ ነው ካለኝ ጥሩ ነው ማለት ነው።»

«መዝገቡ?» አልኳት፤ ድምፄ ሳላስበው ጮኸ። «መዝገቡ እኮ ሳሙና ብትወጠውጪለትም ጥሩ ነው የሚል ሰው ነው!»

ተቆጣች። «ባሌን እኔ ነኝ የማውቀው። መጥፎ ከሆነ እኮ ፊቱ ያስታውቃል» አለች። ለማንም ላልነግር አስማለችኝ። ጴንጤ አይምልም ብላትም አልለቀቀችኝም።

እንግዲህ የቅበላው እሑድ መጣ። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ስጋ የሚጠገብበት የመጨረሻው ቀን ነው፤ አባይነሽ ቤት ደግሞ ቅበላ ማለት ሠርግ ማለት ነው። የዌርሃውስ ጓደኞቿ፣ የማኅበሯ ሰዎች፣ ዜማ ከጓደኛዋ ጋር፣ ሁሉም ተጠርቷል። እኔ የቸርቻችን ስብከት ረዝሞብኝ ዘግይቼ ደረስኩ። በሩን ከፍቼ ስገባ ቤቱ ከወትሮው ዝም ብሏል። ሰው ሁሉ ውሃ ይጠጣል።

ቀይ ወጡን አጥቅሼ ጎረስኩ። የጎረስኩት ስጋ አልነበረም፣ ጨው ነበር። ሁለቴ ጨምራበት ይሁን ሦስቴ እንጃ፤ ምላሴ ተኮማተረ። ዞር ብዬ ሰዉን አየሁ። ሐበሻ ይሉኝታው አይጣል ነው፤ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ስጋውን ወደ ሳህናቸው ጥግ ገፋ እያደረጉ እንጀራውን ብቻ በሰላጣ ይበላሉ፤ «እጅሽ ይባረክ» ይላሉ። ዜማ ብቻ «ማሚ፣ ዛሬ ኦኬ ነሽ?» አለች። ኦኬ ነኝ ተባለች። መዝገቡ ግን ሳህኑን ጨርሶ «ይጨመርልህ?» ሲባል ይጨመርልኝ አለ። ጨመሩለት፤ ያንንም በላው።

ሰው ሁሉ ከተሸኘ በኋላ አባይነሽ የድስቱን ክዳን ከፈተች። ድስቱ አልጎደለም። በዚያ ቤት ድስት ሞልቶ አድሮ አያውቅም።

«እውነቱን ንገሪኝ» አለችኝ።

«ጨው በዝቶበታል። በጣም።»

ክዳኑን ቀስ ብላ መለሰችው። «ትናንት መዝገቡ ቀምሶታል። ጥሩ ነው ብሎኛል» አለች። ሳህኑን ማጠብ ጀመረች፤ ያጠበችውን መልሳ አጠበችው። ከዚያ ውሃውን ዘጋችና ሳትዞር «ጊፍትዬ፣ ይሄ ሰው ይሄን ሁሉ ዓመት ሲበላልኝ ነው የኖረው ወይስ ሲውጥልኝ?» አለችኝ።

ነገሩ ስለ ጨው አለመሆኑ ገባኝ። ሴትዮዋ ሙሉ ትዳሯን በአንድ ድስት አይታ ልትጥለው ነው።

በማግስቱ ጾም ገባ። ጾሙ ሸፈነላት። ምግብ መሥራት አቆመች፣ ማንም ለምን አላላትም፤ ሰው ሲጾም ቀለል አድርጎ ይበላል ተባለ። በያይነቱ ከሬስቶራንት በካርቶን ይመጣል። ካርቶኑ ሳይነካ ፍሪጅ ውስጥ ከርሞ ይጣላል። በግድግዳው በኩል ሁልጊዜ የምሰማው የሽንኩርት አከታተፍ ነበር፤ ቢላዋዋ መክተፊያው ላይ ሲሮጥ ሰዓቱን አውቅ ነበር። አሁን ጸጥ አለ። ቢጣሉ በወደድኩ። እነሱ ግን አይጣሉም፤ «እባክህ» እና «እሺ አመሰግናለሁ» ይባባላሉ፣ እንደ ባንክ ሠራተኛ። አዘንኩላቸው፤ ተናደድኩባቸውም፤ በተለይ በእሱ።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ የመዝገቡ መኪና ፓርኪንጉ ላይ ቆማለች፤ እሱም ውስጥዋ ተቀምጧል። ቀኑን ሙሉ ከኤርፖርት ሰው ሲያመላልስ ውሎ መግባቱ ነው። የገዛ ቤቱ በር ላይ ፓርክ አድርጎ የተጠበሰ ድንች ከወረቀት ከረጢት ያወጣል። መስኮቱን አንኳኳሁ።

«ምን ነክቶህ ነው እዚህ የምትበላው?»

«ይዤ ስገባ ትከፋለች። ሶ እዚሁ እጨርስና እገባለሁ ብዬ ነው» አለ።

ድንቹ ቀዝቅዞ ተልፈስፍሷል። «ጥሩ ነው?» አልኩት።

«ጥሩ ነው።»

በቃኝ። ዞሬ በሩን ከፍቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አፍንጫዋ እንደሞተ፣ ምላሷ እንደሞተ፣ እሱን ቀማሽ አድርጋ እንደነበር፣ ሁሉንም ነገርኩት። ምስጢሯን አወጣሁ፤ ዛሬም ቢሆን አወጣዋለሁ። «የቅበላውን ወጥ ሁለት ሳህን በልተሃል! ጨው እኮ ነበር! አንተ ምላስ የለህም?» አልኩት።

ድንቹን አስቀመጠ። እጆቹን መሪው ላይ አደረገ፣ ሞተሩ ግን ጠፍቷል።

«አለኝ» አለ። «ጨው መሆኑን አውቄያለሁ።»

«ታዲያ?»

ሲመልስ ወደ እኔ አላየም፤ ወደ መስታወቱ ነው።

«እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ልጅ ነበርኩ፤ መጠለያ ገብተን ነበር። ታናሽ እህት ነበረችኝ። ልዩ ትባላለች። እዚያ የሚሰጡን የዱቄት ገንፎ ነበር። ማለቴ፣ የሆነ የማናውቀው ሽታ ነበረው። ሌላው ሁሉ በላ። እሷ አልወደውም አለች። እናቴ ለመነቻት፣ እኔም ለመንኳት። አልወደውም ብላ ፊቷን አዞረች። በነጋታው አልነበረችም። ታማ ነበር፣ አሁን ሳስበው በሽታው ነው የገደላት እንጂ ገንፎውን ባለመብላቷ አይደለም። ያኔ ግን ልጅ ነኝ፤ ያ ቃል የገደላት መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ያ ቃል ከአፌ አይወጣም ጊፍቲ። ምግብ ሲቀርብልኝ፣ ሰው በእጁ ሠርቶ ሲሰጠኝ፣ ምን ብዬ ነው አልወደውም የምለው?»

ስንት ዓመት ስቄበታለሁ፤ በየድግሱ አስመስዬው ሰው አስቄያለሁ። መሪው ላይ ያለውን እጁን ያዝኩት። አለቀስኩ፣ እሱ አላለቀሰም።

«ለአባይነሽ ነግረሃት ታውቃለህ?»

«ስለ ልዩ ታውቃለች። ስለ ቃሉ አልነገርኳትም።»

«እንግዲህ ስማኝ» አልኩት። «አባይነሽ እየጠፋችብህ ነው። እሷን የሚያድናት ያው አንተ የምትፈራው ቃል ነው። ያልወደድከውን አልወደድኩም በላት።»

ድንቹን ከረጢቱ ውስጥ መልሶ ጠቀለለው። «እሞክራለሁ» አለ።

የፋሲካ ሰሞን አባይነሽ «ዘንድሮ ዶሮ የለም፤ ለዜማ ጥብስ የሚሆን በግ ገዝቻለሁ፣ ይበቃል» አለች። እኔ ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ዶሮ፣ ሽንኩርትና ሎሚ ይዤ በሯን አንኳኳሁ።

«ተነሺ።»

«የለም ብያለሁ እኮ ጊፍትዬ። ማን ይቀምሰዋል? ማን ያሸተዋል? ሁላችንም ጾመኞች ነን።»

«እኔ አልጾምም» አልኳት። «ጴንጤ ነኝ፤ ትናንት በስቅለት በርገር በልቼ ነው የመጣሁት። አፍንጫም አለኝ፣ ምላስም አለኝ። ለዚህ ቤት ጴንጤነቴ ዛሬ ካልጠቀመ መቼ ሊጠቅም ነው?»

ከቅበላው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት።

ዶሮውን በሎሚና በጨው እያጠበች ብልቱን አወጣች፤ እጇ ምንም አልረሳም። ሽንኩርቱን ስናቁላላ የጥያቄ ናዳ አወረደችብኝ። ሽንኩርቱ ጣፈጠ ወይስ ገና ይጎመዝዛል? በርበሬው ጥሬ ጥሬ ይላል? ቅቤው ከፊት ነው የሚመጣው ወይስ ከኋላ? እኔ ምግብ እበላለሁ እንጂ እንዲህ ተጠንቅቄ ቀምሼ አላውቅም። «ጣፍጧል» ስላት «ጣፍጧል ማለት ምንም ማለት አይደለም፣ ምኑ ነው የጣፈጠው?» ብላ ትቆጣኛለች። ጨውን በእሷ እጅ፣ በእኔ ምላስ ቁንጥር በቁንጥር ጨመርን። ወጡ ሲወጣ ራት የሚሆን ቦታ ሆዴ ውስጥ አልነበረም። ጨዉ ግን ልክ ነበር፤ በዚህ አልደራደርም። መዝገቡ አንድ ሁለቴ በኩሽናው በር በኩል ብቅ አለና እንደሚፈራ ሰው ተመለሰ።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ተልባ ጠጥተው ተኝተዋል። ቀትር ላይ ዜማና እኔ ደረስን፤ ገበታው ቀረበ። አባይነሽ ነጭ ለብሳለች። እንቁላሉን አከፋፈለች፣ አይቡን አደረገች፣ ለመዝገቡ እንደ ሁልጊዜው ፈረሰኛውን ሰጠችው፤ ለአባወራ የሚሰጠው ብልት ነውና። ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ እሱን ብቻ ማየት ጀመረች። እኛን ረስታናለች።

መዝገቡ ጎረሰ። አላመጠ። ረጅም ጊዜ አላመጠ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። እኔ በዓይኔ «በል እንጂ» እለዋለሁ።

«ጨው...» አለ። «ጨው ትንሽ አንሶታል።»

ከወንበሬ ልነሳ ምንም አልቀረኝም። በገዛ ምላሴ የለካሁትን ጨው! አባይነሽ ግን ፊቷ በራ። እጇ ወደ ጨው ዕቃው ሄደ፤ ጨበጠችው፤ ከዚያ ቆመች። ወደ ልጇ ዞረች።

«ዜማ፣ ጨው አንሶታል?»

«ኖ ማሚ፣ ፐርፌክት ነው እኮ» አለች ዜማ። «ዳዲ፣ ዋት?»

ያኔ ገባኝ። ይሄ የዋህ ሰው እውነት ተናገር ስለው ጥፋት ፈልግ ያልኩት መስሎታል። ጥፋት ሲያጣ ፈጠረላት።

አባይነሽ ጨዉን ቦታው መለሰችው። «አሁንም?» አለችው። አልተቆጣችም። ድምፅዋ ደክሞ ነበር፤ ከቁጣ የባሰ ነበር። ልትነሳ ወንበሩን ገፋች።

«አባይነሽ፣ ተቀመጪ» አለ መዝገቡ። የያዘውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰው። መዝገቡ ያነሳውን ጉርሻ ሲመልስ አይቼ አላውቅም። «ጨዉ ልክ ነው። በርበሬውም ልክ ነው። ወጡ ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ። እኔ ዶሮ ወጥ... አልወድም። አልወደውም።»

ዜማ አፏን ከፍታ ቀረች። በፋሲካ፣ በሐበሻ ገበታ፣ እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አይታወቅም። እኔ ግን ያየሁት መዝገቡን ነው። ዓይኑን ከአባይነሽ ላይ አልነቀለም፤ አሁንም እዚያው መኖሯን እንደሚያረጋግጥ ሰው ነበር የሚያያት።

አባይነሽ አልሄደችም። ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለችው።

«ከድሮም።»

«በሠርጋችንስ?»

«በሠርጋችንም።»

ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለቅሶ መስሎኝ ልነሳ ስል ሳቅ ሆነ፤ ሳቁ ደግሞ እንባ አመጣ። «ይሄን ሁሉ ፋሲካ!» አለች እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች። «ይሄን ሁሉ ፋሲካ ፈረሰኛውን እየሰጠሁህ! እኔ እኮ ነበርኩ የምወደው! ለአንተ ብዬ ነው የተውኩት!»

«እኔም ለአንቺ ብዬ ነው የበላሁት» አለ መዝገቡ።

ፈረሰኛውን ከሳህኑ አንስታ በላችው። ምንም እንደማይጣፍጣት አውቃለሁ። ቢሆንም አጥንቱ እስኪቀር ድረስ ጋጠችው። ከዚያ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች።

«በል ንገረኝ። ምንድን ነው የምትወደው?»

ያንን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደጠየቀችው እሷም አታውቅም። እሱ በዚህ ጊዜ አሰበ። «ቅቅል» አለ። «የበግ ቅቅል። አጥንት ያለው። ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ብቻ። ዜማን የወለድሽ ሰሞን ጓደኞችሽ ለአንቺ ይሠሩ ነበር። የተረፈሽን ኩሽና ቆሜ እጠጣው ነበር።»

«እሱማ የአራስ ምግብ ነው።»

«አዎ» አለ መዝገቡ አፍሮ።

አባይነሽ ተነሳች። በፋሲካ ቀትር፣ ዶሮው ገበታ ላይ እያለ፣ ለጥብስ የተገዛውን በግ ከፍሪጅ አውጥታ አጥንት አጥንቱን ለየች። ድስት ጣደች። እኔና ዜማ ዶሯችንን እንበላለን፤ በግድግዳው በኩል ሳይሆን እዚያው አጠገቤ ቢላዋዋ መክተፊያው ላይ ሲሮጥ ሰማሁ። መዝገቡ መቀመጥ አልቻለም፤ ተከትሏት ኩሽና ገባ። ምን እንደሚባባሉ አልሰማሁም፤ ብዙ ግን ተባባሉ። አንድ ጊዜ «ልዩ» የሚል ስም ሰማሁ፤ ከዚያ አባይነሽ ማማሰያውን አስቀምጣ አንገቱን አቀፈችው። ዜማ ልትገባ ስትል ቀሚሷን ይዤ አስቀረኋት።

መረቁ ሲፈላ አባይነሽ በጭልፋ ቀዳች፤ እፍ እፍ አለችና ወደ አፉ አስጠጋችለት። ያኔ እኔም ትዕግስቴ አለቀ፤ ሳህን ላስቀምጥ መስዬ ገባሁ።

መዝገቡ አፉ ውስጥ ያዘው። ዓይኑን ጨፈነ። የሚያጣድፈው አልነበረም።

«ገና ነው» አለ። «ጨው ይጎድለዋል። ቃሪያውም አልወጣም።»

በማንኪያ ጫፍ ሰርቄ ቀመስኩ። ጨው ይጎድለዋል። ቃሪያውም አልወጣም።

አባይነሽ ወደ እኔ አላየችም፤ ዜማንም አልጠየቀችም። ጨዉን ቆንጥራ እጇን ከድስቱ በላይ ያዘች፤ ዓይን ዓይኑን እያየችው መነስነስ ጀመረች።

«ሲበቃ በቃ በለኝ» አለችው።